“ተመዝግበዋል” ያለው ገጽና ባዶው መዝገብ፦ በሁለት ሰርቨሮች መካከል የጠፋ የፎርም መረጃ

አንድ የስልጠና ድርጅት የምዝገባ ፎርሙን የሚያስተናግደው በራሱ ድረ ገጽ ላይ ነው። የሰልጣኞቹ መዝገብ ግን ያለው አብሮት በሚሠራ ሌላ ተቋም ሰርቨር ላይ ነው። አመልካቹ ፎርሙን ሞልቶ “ላክ” የሚለውን ሲጫን መረጃው መጀመሪያ የድርጅቱ ሰርቨር ላይ ያርፋል። እዚያ ያለ፣ ፒኤችፒ በተባለው የሰርቨር ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተጻፈ ስክሪፕት ተቀብሎ ለመዝገቡ ሰርቨር ያስተላልፈዋል፤ ለአመልካቹም “ተመዝግበዋል፣ እናመሰግናለን” የሚል ገጽ ይወጣለታል። አሠራሩ ለረጅም ጊዜ ያለ እንከን ሄደ። ከዚያ ስልክ መደወል ጀመረ፦ “ተመዝግቤ ነበር፤ ስሜ ግን ዝርዝሩ ላይ የለም።”

ጉዳዩን እንድመረምር ስጠራ ሁለቱም ወገኖች ማስረጃቸውን ይዘው ጠበቁኝ። የድርጅቱ ፕሮግራመር የስክሪፕቱን ሎግ (ያከናወነውን የሚጽፍበትን ፋይል) ከፈተልኝ፤ በየምዝገባው ትይዩ “ተልኳል፣ 200” የሚል መስመር ሰፍሯል። ብሮውዘርና ሰርቨር በሚነጋገሩበት በኤችቲቲፒ ደንብ 200 ማለት “ጥያቄው ተሳክቷል” ማለት ነው። የመዝገቡ ኃላፊ በበኩላቸው ዳታቤዙን አሳዩኝ፤ በእነዚያ ሰዎች ስም አንድም መስመር የለም። ማንም አልዋሸም።

ነገሩን ያወሳሰበው ድረ ገጹ ላይ ሁለት ፎርሞች መኖራቸው ነበር። ለአጭር ኮርሶች የተዘጋጀው አጭሩ ፎርም የሚልከው ሁሉ ይደርሳል። ለመደበኛው ፕሮግራም የተዘጋጀው ረጅሙ ፎርም የሚልከው አይደርስም። ቢሮው ውስጥ የሰፈነው ግምት “ፎርሙ ስለረዘመ ሰዉ ሳይጨርስ እየተወው ነው” የሚል ነበር፤ እንዲያውም ፎርሙን ለማሳጠር ሥራ ተጀምሮ ነበር። ግምቱ ለጊዜው ያሳምናል፤ ግን ሎጉ ላይ ያሉትን 200ዎች አያብራራም። ሳይጨርስ የተወ ሰው ስክሪፕቱን አያስነሳም።

መረጃው ለምን በሰርቨር በኩል ይዞራል?

መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም። በቀድሞው አሠራር የፎርሙ መላኪያ አድራሻ በቀጥታ የመዝገቡ ሰርቨር ነበር፤ የአመልካቹ ብሮውዘር ራሱ ይዞት ይሄዳል፣ መሀል ላይ ማንም የለም። ይህ ለፕሮግራመሩ እጅግ ቀላል ነው፤ ጣጣው ግን ብዙ ነው። አመልካቹ ከላከ በኋላ ራሱን በማያውቀው ድረ ገጽ ላይ ያገኘዋል። ድርጅቱ ዘንድ ምንም ቅጂ አይቀርም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የመዝገቡ ሰርቨር ላኪውን የሚለይበት የምስጢር ቁልፍ ፎርሙ ውስጥ “ድብቅ መስክ” ሆኖ መቀመጡ ነበር። ድብቅ መስክ የሚደበቀው ከዓይን ብቻ ነው፤ የገጹን ምንጭ ለከፈተ ሁሉ ቁልፉ ፊት ለፊት ተጽፏል።

ስለዚህ ሥራው ወደ ሰርቨር ተዛወረ። በዚህ አሠራር የድርጅቱ ሰርቨር ሁለት ሚና አለው። ለአመልካቹ ሰርቨር ነው፤ ለመዝገቡ ደግሞ እንደማንኛውም ብሮውዘር ጥያቄ የሚያቀርብ ደንበኛ ነው። የኤችቲቲፒ ጥያቄ ለመላክ ፒኤችፒ ከርል የሚባለውን ቤተ መጻሕፍት (ዝግጁ የፕሮግራም ስብስብ) ይጠቀማል፤ ከርል በዚህ ስሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን ዛሬ ያልገባበት መሣሪያ የለም ማለት ይቻላል። ብሮውዘሮች አንድ ድረ ገጽ ላይ ያለ ጃቫስክሪፕት የሌላውን ሰርቨር ምላሽ እንዳያነብ የሚያደርጉት ገደብ እዚህ አይሠራም፤ ገደቡ የብሮውዘር እንጂ የሰርቨር አይደለም። ቁልፉም ከሕዝብ ዓይን ወጥቶ ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል።

ዝውውሩ ግን በችኮላ የተሠራ ነበር። ፎርሙ ላይ የነበረው የመዝገቡ አድራሻ ወደ ስክሪፕቱ ከመግባት ይልቅ እዚያው ድብቅ መስክ ሆኖ ቀረ፤ ስክሪፕቱ ከፎርሙ አንብቦ ወደዚያ ይልካል። ይህ ለጠፋው መረጃ ምክንያት አልነበረም፤ ሳየው ግን ሌላውን ሁሉ አቁሜ በመጀመሪያ ያስወገድሁት ይህንን ነው። ድብቅ መስኩን ቀይሮ የሚልክ ማንም ሰው የድርጅቱን ሰርቨር ወደፈለገው አድራሻ፣ ከውጭ ወደማይደረስባቸው የውስጥ ማሽኖች ጭምር፣ ጥያቄ እንዲልክ ሊያዘው ይችላል። የድረ ገጽ ደኅንነትን የሚከታተለው ኦዋስፕ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የ10 ዋና ዋና አደጋዎች ዝርዝር ውስጥ ይህን ዓይነቱን ጥቃት ራሱን አስችሎ አስገብቶታል። የመድረሻው አድራሻ የሚቀመጠው በሰርቨሩ የቅንብር ፋይል ውስጥ ነው፤ ከተጠቃሚ በሚመጣ መስክ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም።

የተቀባዩ ሎግ

የላኪው ሎግ የሚናገረው ላኪው የገባውን ብቻ ነው። ስለዚህ የመዝገቡን ዌብ ሰርቨር የመዳረሻ ሎግ እንዲያሳዩኝ ኃላፊዋን ለመንኋቸው። የድርጅቱን ሰርቨር አይፒ ይዘን ስንፈልግ በእያንዳንዱ የጠፋ ምዝገባ ሰዓት አንድ ሳይሆን ሁለት መስመር አገኘን። የመጀመሪያው “ፖስት፣ 301” ይላል፤ ፖስት መረጃ የሚያስረክብ ጥያቄ ነው። ወዲያው ተከትሎ የመጣው ሁለተኛው “ጌት፣ 200” ይላል፤ ጌት ገጽ ስጠኝ የሚል ጥያቄ ነው። የአጭሩ ፎርም ግን አንድ መስመር ብቻ ነበረው፦ “ፖስት፣ 200”።

ከዚህ በኋላ ምስጢር የሚባል ነገር አልቀረም። የመዝገቡ ተቋም ከተወሰነ ጊዜ በፊት ሰርቨሩን መስመሩን ወደሚመሰጥረው ኤችቲቲፒኤስ አዛውሮ ነበር። በአሮጌው የኤችቲቲፒ አድራሻ የሚመጣን ሁሉ ደግሞ “ቋሚ አድራሻዬ ተቀይሯል” በሚለው በ301 ወደ አዲሱ ይመራል። ለብሮውዘር ተጠቃሚ ይህ የተለመደና ተገቢ ነው። የረጅሙ ፎርም ስክሪፕት ግን አሮጌውን አድራሻ እንደያዘ ነበር። ከርል ምሪትን እንዲከተል ስለታዘዘም 301ን ተከትሎ ወደ አዲሱ አድራሻ ሄደ፤ ሲሄድ ግን ፖስት የነበረውን ጥያቄ ወደ ጌት ለወጠው። በዚህ ለውጥ የፎርሙ መረጃ ከጥያቄው ይቀራል። የመዝገቡ ሰርቨር ባዶ እጁን የመጣ እንግዳ ሲያይ እንደ ደንቡ ባዶውን የመመዝገቢያ ገጽ ከ200 ጋር ሰጠው። ስክሪፕቱ 200ን አይቶ “ተልኳል” ብሎ ጻፈ፤ የተመለሰለት ገጽ ውስጥ ምን እንዳለ ግን አላነበበም። አንብቦት ቢሆን ኖሮ የሚያገኘው “ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ ስልክ” የሚሉ ባዶ ሳጥኖችን ነበር።

ይህ የከርል ጉድለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የኤችቲቲፒ 1.0 ሰነድ፣ አርኤፍሲ 1945፣ አንዳንድ ፕሮግራሞች 301 ሲደርሳቸው ፖስትን በስህተት ወደ ጌት እንደሚለውጡ ያኔውኑ መዝግቦ ነበር። ስህተቱ እየተለመደ ሲሄድ ብሮውዘሮች ሁሉ እንዲሁ አደረጉ። በ2022 የወጣው አርኤፍሲ 9110 ደግሞ “በታሪካዊ ምክንያት” ብሎ ፈቀደው። ዘዴው እንዳይለወጥ የሚፈልግ ሰርቨር የሚጠቀምባቸው ሌሎች ቁጥሮች ኋላ መጥተዋል፦ ለጊዜያዊ ምሪት 307 በ1999፣ ለቋሚ ምሪት 308 በመደበኛ ደረጃ በ2015። ፖስትን ሆን ብሎ ወደ ጌት ለመለወጥ የተሠራው 303 ነው፤ ተጠቃሚው ፎርም ልኮ ሲያበቃ ገጹን ቢያድሰው መረጃው ዳግም እንዳይላክ ወደ ምስጋና ገጽ የሚመራው በእርሱ ነው።

“እንግዲያው 301ን ወደ 308 እንቀይረው” የሚል ሐሳብ ወዲያው ከመዝገቡ በኩል ቀረበ። ቢቀየር መረጃው በእርግጥ ይደርስ ነበር። እኔ ግን ተቃወምሁ። ምሪቱ የሚመጣው ፖስቱ ከተላከ በኋላ ነው፤ ስለዚህ የአመልካቹ ስም፣ ስልክና የትምህርት ታሪክ፣ የምስጢር ቁልፉም ጭምር፣ በመጀመሪያው ጉዞ ላይ ሳይመሰጠር በመስመሩ ላይ ተጉዟል ማለት ነው። 308 ይህንን ይሸፍነዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ሁሉም ነገር ስለሚሠራ ማንም አይነቃም። ሰርቨር ለሰርቨር በሚነጋገርበት አድራሻ ላይ ባልተመሰጠረ መስመር የመጣን ጥያቄ መምራት ሳይሆን በስህተት ቁጥር መመለስ ይሻላል። ላኪው የዚያኑ ቀን ይሰናከላል፤ የዚያኑ ቀንም ይታረማል። በዚህ ተስማማን። በላኪው በኩልም ከርል ምሪት እንዳይከተል ተደረገ፤ 3 ብሎ የሚጀምር ማንኛውም ቁጥር እንደ ውድቀት ይቆጠራል።

አጭሩ ፎርም ለምን ሠራ?

አድራሻውን ወደ ኤችቲቲፒኤስ ስንለውጥ ነገሩ ያበቃ መስሎን ነበር። ከርል ግን በስህተት ቁጥር 60 ቆመ፦ የተቀባዩን ሰርተፊኬት (ማንነቱን የሚያሳይ ዲጂታል ማስረጃ) ማረጋገጥ አልተቻለም። ያው አድራሻ በብሮውዘር ሲከፈት ግን ምንም ቅሬታ የለም። አጭሩ ፎርምም በዚሁ አድራሻ ያለ ችግር ይልካል። እንዴት?

የአጭሩን ፎርም ስክሪፕት ሌላ ሰው፣ በሌላ ጊዜ ነበር የጻፈው። ገልጠን ስናየው የሰርተፊኬት ማረጋገጫው በአንዲት መስመር ጠፍቷል። ከርል እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ሰርተፊኬትን ሳይታዘዝ ያረጋግጣል፤ ያ ፕሮግራመር ግን ይኸው ስህተት ቁጥር 60 ሲገጥመው ማረጋገጫውን አጥፍቶ አልፎታል። መስመሩ ይመሰጠራል፤ ግን ከማን ጋር እንደሚነጋገር አያውቅም። መሀል ላይ የገባ ማንም ሰው “መዝገቡ እኔ ነኝ” ቢለው ሁሉንም ያስረክበዋል። ለችግሩ መፍትሔ ሲፈለግ ብዙ ጊዜ ፊት የሚመጣው ምክር ይኸው መሆኑ ያሳዝናል።

እውነተኛው ምክንያት መዝገቡ ሰርቨር ላይ ነበር። ሰርተፊኬት ከታመነ ምንጭ መውጣቱ የሚረጋገጠው በሰንሰለት ነው፤ የሰርቨሩ ሰርተፊኬት፣ ከእርሱ በላይ መካከለኛው፣ ከላይ ሥሩ። ሰርቨሩ የራሱንና መካከለኛውን አብሮ ማቅረብ አለበት። ይህኛው የራሱን ብቻ ያቀርብ ነበር። ብሮውዘሮች የጎደለውን መካከለኛ ቀድሞ ካስቀመጡት ያወጣሉ ወይም ራሳቸው ሄደው ያመጡታል፤ ሰርቨር ላይ ያለ ከርል ብዙውን ጊዜ እንዲህ አያደርግም። የመዝገቡ ባለሙያ ሙሉውን ሰንሰለት የያዘውን ፋይል ሲያስቀምጥ ስህተት ቁጥር 60 ጠፋ፤ አጭሩ ስክሪፕት ላይ የጠፋው ማረጋገጫም ተመለሰ።

“አሬይ” የተባለ ትምህርት ቤት

ምዝገባዎች መግባት ጀመሩ። ኃላፊዋ ግን በማግስቱ ደወሉልኝ፤ “የቀድሞ ትምህርት” በሚለው አምድ ላይ ሰዉ ሁሉ “አሬይ” የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ተጽፎለታል። አመልካቾቹ ሁሉ አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ነው የሚመስለው።

ረጅሙ ፎርም የትምህርት ታሪክን በተደጋጋሚ ረድፎች ይጠይቃል፤ ፒኤችፒ ደግሞ እነዚህን በዝርዝር ውስጥ ያለ ዝርዝር አድርጎ ይቀበላል። ስክሪፕቱ የተቀበለውን እንዳለ ለከርል ሰጠው። ከርል በፒኤችፒ በኩል ዝርዝር ሲሰጠው አንድ እርከን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ውስጡ ያለውን ዝርዝር ወደ ጽሑፍ ሲለውጠው የዝርዝሩ የዓይነት ስም፣ “አሬይ”፣ ብቻ ይቀራል። አጭሩ ፎርም ተደጋጋሚ ረድፍ ስለሌለው ይህ አልገጠመውም።

እዚህ ጋ የማይታይ ሌላ ልዩነትም አለ፤ ብዙ ሰዓት የሚበላውም እርሱ ነው። የፎርም መረጃ በሁለት አጻጻፍ ይላካል። አንደኛው መስኮቹን በአንድ ረጅም መስመር፣ በ“እና” ምልክት እየለየ፣ ልዩ ፊደላትን በፐርሰንት ምልክት እየለወጠ የሚጽፈው ነው። ሁለተኛው ፋይል ለመላክ የተፈጠረው፣ እያንዳንዱን መስክ በራሱ ክፍል የሚያስቀምጠው ባለ ብዙ ክፍል አጻጻፍ ነው። ለከርል ዝርዝር ከሰጡት ሁለተኛውን ይመርጣል፤ የተሰናዳ ጽሑፍ ከሰጡት የመጀመሪያውን ይጠቀማል። ትእዛዙ ያው ነው፤ የተሰጠው ነገር ዓይነት ብቻ ውሳኔውን ይለውጠዋል። ፒኤችፒ ዝርዝርን፣ የውስጡን ጭምር፣ ወደ መጀመሪያው አጻጻፍ የሚያሰናዳ የራሱ ተግባር አለው። በእርሱ አሳልፈን ስንልክ “አሬይ” ቀረ። ያም ቢሆን ልብ ሊባል የሚገባው አለ፤ ተግባሩ ዋጋቸው “ነል” (በፒኤችፒ “ምንም ዋጋ የለም” ማለት) የሆኑ መስኮችን ይጥላቸዋል፤ ብሮውዘርም ምልክት ያልተደረገበትን የምርጫ ሳጥን ጨርሶ አይልክም። ተቀባዩ “መስኩ የለም” እና “መልሱ አይደለም ነው” የሚሉትን መለየት ካለበት ላኪው በግልጽ መጻፍ ይኖርበታል።

እግረ መንገዴን፦ ይህ ስክሪፕት የተጻፈው በፒኤችፒ 5.4 ዘመን ነበር። ያኔ ለከርል በተሰጠ ዝርዝር ውስጥ በኢሜይል አድራሻ መሀል የምናውቀው የ“አት” ምልክት የጀመረ ዋጋ ሁሉ የፋይል ስም ተደርጎ ይወሰድ ነበር። አንድ አመልካች ስሙን በሚጽፍበት ሳጥን ውስጥ ያንን ምልክትና የሰርቨሩን የአንድ ፋይል አድራሻ ቢጽፍ፣ ሰርቨሩ ፋይሉን ራሱ አንብቦ ለሌላው ይልከዋል። ፒኤችፒ 5.5 ሌላ መንገድ አዘጋጀ፣ 5.6 አሮጌውን ሳይታዘዝ ዘጋው፣ 7.0 ጨርሶ አስወገደው። የድርጅቱ ሰርቨር ታድሶ ስለነበር አደጋው አልፏል።

“ደርሷል” የሚለው ማን ነው?

እስካሁን ያለው ጥገና ነው። ዋናው ጥያቄ አልተመለሰም ነበር፦ ስክሪፕቱ “ተመዝግበዋል” የማለት መብት ያገኘው ከየት ነው? አመልካቹ መረጃውን ያስረከበው ለድርጅቱ ነው። ድርጅቱ ደግሞ በአንዲት የከርል ጥሪ ወደ ሌላ ሰው ሰርቨር ወርውሮ፣ ራሱ ምንም ሳያስቀር፣ ኃላፊነቱን እንደተወጣ ይቆጥራል። የእኔ አቋም ግልጽ ነበር። ተቀባዩ “መዝግቤዋለሁ፣ ቁጥሩም ይህ ነው” ብሎ የራሱን ደረሰኝ እስኪሰጥ ድረስ መረጃው የላኪው አደራ ነው። 200 ደረሰኝ አይደለም። ማንኛውም ገጽ፣ የስህተት ማብራሪያም ሆነ ባዶ ፎርም፣ 200 ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ይህን የሚያጠናክር ነገር በምዝገባው መዝጊያ ሰሞን ደረሰ። የመዝገቡ ሰርቨር ተጨናንቆ ምላሹ ዘገየ። ስክሪፕቱ የጊዜ ገደብ አልነበረውም፤ ከርል ካልተነገረው ምላሽን ያለ ገደብ ይጠብቃል፣ ግንኙነት ለመመሥረት ብቻ እስከ 300 ሰከንድ ይታገሣል። ፒኤችፒ የራሱ የ30 ሰከንድ ገደብ አለው የሚል ሊኖር ይችላል፤ ሊኑክስ ላይ ግን ያ ገደብ ስክሪፕቱ ከውጭ ምላሽ ሲጠብቅ የሚያሳልፈውን ጊዜ አይቆጥርም። ከፊት ያለው ዌብ ሰርቨር፣ ኢንጂንኤክስ፣ በልማዱ 60 ሰከንድ ጠብቆ ለአመልካቹ 504 (“ምላሽ በጊዜው አልመጣም”) አሳየው። አመልካቹ ምን ያደርጋል? ተመልሶ ይጫናል። በዚያኛው በኩል ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ዘግይቶም ቢሆን ተመዝግቦ ነበር፤ ሁለተኛውም ተመዘገበ። መጀመሪያ ሰዎች ጠፉ፣ አሁን ደግሞ ተባዙ።

ምላሽ ሳይመጣ ጊዜ ማለፉ “አልደረሰም” ማለት አይደለም፤ “አላውቅም” ማለት ነው። ፖስት ደግሞ በተፈጥሮው ሲደገም ሥራውን የሚደግም ዘዴ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር አንድ ላይ ያስፈልግ ነበር፦ ያለ ፍርሃት ደጋግሞ መላክ፣ ድግግሞሹም ጉዳት እንዳያመጣ ማድረግ።

አሠራሩን እንዲህ ለወጥነው። ፎርሙ ሲከፈት ሰርቨሩ የማይደገም የዘፈቀደ መለያ ይሰጠዋል። አመልካቹ ሲልክ ስክሪፕቱ መረጃውን አጣርቶ ከመለያው ጋር በድርጅቱ የራሱ ዳታቤዝ ውስጥ፣ “ወጪ” (ወደ ውጭ የሚላክ ለማለት) ብለን በሰየምነው ሠንጠረዥ ላይ ይጽፈዋል። አመልካቹ ወዲያው በ303 ወደ ሌላ ገጽ ይሄዳል። የገጹም ቃል ተለወጠ፤ “ተመዝግበዋል” ቀርቶ “ማመልከቻዎን ተቀብለናል፤ የምዝገባ ቁጥርዎ በኢሜይል ይደርስዎታል” ሆነ። የቢሮው ሰዎች አልወደዱትም ነበር፤ የቀድሞው ያማረ ነው፣ የአሁኑ ግን እውነት ነው።

በየደቂቃው የሚነሳ ሌላ ፕሮግራም ከወጪው ሠንጠረዥ ያልተላኩትን እያነሳ ይልካል። ቀዳሚው ሳያልቅ ሌላ እንዳይነሳ መቆለፊያ አለው። ለግንኙነትም ለምላሽም አጭር የጊዜ ገደብ አለው። የመዝገቡ ሰርቨር በበኩሉ መለያውን በማይደገም ኢንዴክስ ያስቀምጠዋል፤ ያው መለያ ዳግም ከመጣ አዲስ መስመር አይከፍትም፣ የመጀመሪያውን የምዝገባ ቁጥር መልሶ ይሰጣል። ላኪው የምዝገባ ቁጥሩን ከምላሹ ውስጥ ካላገኘ በስተቀር፣ የመጣው ቁጥር 200 ቢሆንም እንኳ፣ “ደርሷል” አይልም። ግንኙነት ከተቋረጠ፣ 5 ብሎ የሚጀምር የሰርቨር ስህተት ቁጥር ወይም 429 (“ጥያቄ በዝቷል”) ከመጣ ቆይቶ ይሞክራል፣ የመጠበቂያውን ጊዜ እያራዘመ። 422 ከመጣ ግን አይደግምም፤ መረጃው ራሱ ስህተት አለበት ማለት ስለሆነ ሰው እንዲያየው ያቆመዋል። የተበላሸን ማመልከቻ ሌሊቱን ሙሉ መላክ ለማንም አይጠቅምም።

የምስጢር ቁልፉም ከመስኮቹ መካከል ወጣ። አሁን ላኪው ሰዓቱንና የጥያቄውን አካል በቁልፉ አማካይነት በኤስኤችኤ-256 ኤችማክ (በምስጢር ቁልፍ የሚሰላ ፊርማ) ፈርሞ ፊርማውን በሄደር፣ ማለትም በጥያቄው ራስጌ፣ ይልካል። ቁልፉ ራሱ መስመር ላይ አይወጣም። ተቀባዩ ከ5 ደቂቃ በላይ ያለፈውን ፊርማ አይቀበልም። ይህ ሲሠራ ከላይ ያነሳሁት የሁለቱ አጻጻፎች ልዩነት ደግሞ ብቅ አለ፤ አጭሩ ስክሪፕት አሁንም ዝርዝር ለከርል ይሰጥ ስለነበር ባለ ብዙ ክፍል ሆኖ ይሄዳል፣ ፒኤችፒ ደግሞ ባለ ብዙ ክፍል ጥያቄ ሲመጣለት ያልተተነተነውን ጥሬ አካል ለፕሮግራሙ አይሰጥም። ተቀባዩ ለማመሳከር የሚፈርመው ባዶ ጽሑፍ ሆነና ፊርማው ፈጽሞ አልገጠመም። ሁለቱን ስክሪፕቶች አንድ አድርገን ጨረስነው፤ ከመጀመሪያውም ሁለት መሆን አልነበረባቸውም።

አዲሱ ጥብቅነት አንድ የተደበቀ ጉድ አወጣ። ጥቂት ማመልከቻዎች ደጋግመው ይላካሉ፣ 200 ይመጣል፣ የምላሹ አካል ግን ባዶ ነው። ሁሉም ረጅም ስም ያላቸው፣ ስማቸውንም በግዕዝ ፊደል የጻፉ ነበሩ። የመዝገቡ ፕሮግራም ስምን በ50 ባይት ይቆርጥ ነበር። ፊደላት በኮምፒውተር በሚጻፉበት በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ 50 ባይት 16 ፊደልና የአንዲት ፊደል ቁራጭ ነው። ዳታቤዙ ጥብቅ ባልሆነ ሁኔታ ስለሚሠራ የተጎመደውን ስም ዝም ብሎ ተቀበለው። ፕሮግራሙ ግን ያንኑ ስም በጄሰን (ፕሮግራሞች መረጃ በሚለዋወጡበት አጻጻፍ) ምላሽ ውስጥ ሊያካትት ሲሞክር የፒኤችፒ ጄሰን አዘጋጅ የተበላሸ ፊደል ስላገኘ ምንም አልሰጠም። በቀድሞው አሠራር እነዚህ ሰዎች ስማቸው ተቆርጦ ይመዘገቡ ነበር፤ የሚያውቅም አይኖርም። አሁን ላኪው ደረሰኝ ስላላገኘ አልተቀበለም፤ መለያው ስላለ ደግሞ ድግግሞሹ ሁለተኛ መስመር አልፈጠረም። ርዝመቱ በባይት ሳይሆን በፊደል እንዲቆጠር ተደርጎ ታረመ።

የጠፉትስ?

የመዳረሻ ሎግ የጥያቄውን መስመር እንጂ የፖስትን አካል አይመዘግብም፤ ስለዚህ የጠፉትን ማመልከቻዎች ከሎግ ማውጣት አይቻልም። የተረፈው ነገር ሳይታሰብ ነው የተገኘ። አሮጌው ስክሪፕት ለእያንዳንዱ ማመልከቻ ለቢሮው አጭር ማሳወቂያ ኢሜይል ይልክ ነበር፤ ስምና ስልክ ብቻ የያዘ፣ ማንም የማይከፍተው። የቢሮው ሠራተኞች እነዚያን አውጥተው ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ፣ የጎደሉትን አንድ በአንድ ደወሉላቸው። አብዛኞቹ ፎርሙን እንደገና ሞሉ። ስልካቸው ያልሠራም ነበሩ። ድርጅቱ ለእነዚህ ሰዎች የምዝገባ ቀኑን ከፍቶ ጠበቃቸው።

ወጪው ሠንጠረዥ የራሱን ጥያቄ ይዞ መጣ። ቀድሞ ድርጅቱ ከማሳወቂያው ኢሜይል በቀር ምንም አያስቀርም ነበር፤ አሁን የሰዎች ስም፣ ስልክና የትምህርት ታሪክ በሁለት ቦታ ተቀምጧል። የተስማማንበት እንዲህ ነው፦ የምዝገባ ቁጥሩ ሲመጣ የማመልከቻው ይዘት ከሠንጠረዡ ይደመሰሳል፤ የሚቀረው መለያው፣ ደረሰኙና ሰዓቱ ብቻ ነው። ሳይላኩ ከአንድ ሰዓት በላይ የቆዩ ካሉ ለፕሮግራመሩና ለመዝገቡ ኃላፊ መልእክት ይሄዳል። ያልተፈታው የተያያዙ ሰነዶች ጉዳይ ነው። የትምህርት ማስረጃ ቅጂዎች ከፒኤችፒ የ2 ሜጋባይት የፋይል ገደብ ይበልጣሉ፤ ጠቅላላው ጥያቄ ከ8 ሜጋባይት ካለፈ ደግሞ ፒኤችፒ መስኮቹን ሁሉ ባዶ አድርጎ ነው የሚያቀርበው። ገደቦቹን ማሳደግ ቀላል ነው፤ ግን ፋይሎቹን ከማመልከቻው ጋር በአንድ ጥያቄ መላኩ ይቀጥል ወይስ በራሳቸው መንገድ ለብቻ ይሂዱ የሚለው አልተወሰነም። እኔ ለብቻ ይሂዱ ባይ ነኝ፤ ፋይል ወድቆ ማመልከቻውን አብሮ መጣል የለበትም። የመዝገቡ ወገን ሁለት መንገድ መጠበቅ ይከብደናል ይላል። እስኪወሰን ድረስ ሰነዶቹን አመልካቾች የሚያስገቡት የምዝገባ ቁጥራቸውን ካገኙ በኋላ ነው።